የጣት በላው መቆለፊያ

ፋሲካ አባቷን ሞተው ባገኘቻቸው ጊዜ መጀመሪያ ያየችው ፊታቸውን ሳይሆን ሰንጢውን ነው። ቅዳሜ ነበር፣ የገበያ ቀን፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። አንድ ጆንያ የበሬ ቀንድ ተሸክማ ስትመለስ የወርክሾፑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አቶ አስናቀ ከበርጩማቸው ወደ ጎን ወድቀው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ከሥራቸው ያለው የከሰል ትቢያ ደሙን ጠጥቶ ጠቁሯል። ሰንጢው ከእሳቸው አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ብረት ከሚቀጠቀጥበት መስፍ ሥር ወድቋል። ስለቱ ግማሽ ታጥፏል፣ የመቆለፊያው ጥርስ ተሰብሯል። ጥርሱን የሠራችው እሷ ናት። ጆንያውን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች፤ ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም።

ስለ ሰንጢው ትንሽ ካልተወራ ቀሪው ነገር አይገባም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚሁ ቤት የሚሠራ ሰንጢ ነበር። ስለቱ ከመኪና ባሌስትራ፣ እጀታው ከበሬ ቀንድ፤ ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ፣ ከዚያም አልፎ ጉና ድረስ በየወንዱ ኪስ ይገኝ ነበር። ብረቱ ግሩም፣ ጠባዩ ግን ክፉ። ተከፍቶ እንዲቆም የሚያደርገው ነገር አልነበረውም፤ ጫፉ ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥመው ወደ ኋላ ይታጠፍና የያዘውን ሰው ጣት ይከረክማል። ሰዉም ስሙን «ጣት በላ» አለው። ዛሬም በአካባቢው ሃምሳውን ያለፈ ወንድ ሌባ ጣቱን ቢዘረጋ ያ ጠባሳ አይጠፋበትም። በኋላ ርካሽ የውጭ ሰንጢ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ጣት በላ ቀረ፤ አቶ አስናቀም ወደ ማረሻና ማጭድ ተመለሱ።

ፋሲካ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ከኖረች በኋላ ነው ከሳጥን ሥር አንዱን ያገኘችው። ጣት የማይበላ ጣት በላ እንሥራ ብላ ጠየቀቻቸው፤ አባቷ ሳቁ፣ ግን እንቢ አላሉም። ዓመት ሙሉ ለፋችበት። መቆለፊያው ቀላል ነገር ነው፦ ሰንጢው ሲከፈት አንዲት የብረት ጥርስ በስለቱ ተረከዝ ላይ ወዳለች ጎድጓዳ ትገባና ስለቱን ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች። ለመዝጋት ከቀንዱ እጀታ ላይ አንዲት የማትታይ ቦታ በአውራ ጣት መጫን ነው። ቦታዋን ያላሳዩት ሰው ቢውል ቢያድር አያገኛትም። አቶ አስናቀ እያንዳንዱን ሰንጢ የሚፈትኑት በራሳቸው መንገድ ነበር፤ በርጩማው ላይ ተቀምጠው የባሕር ዛፍ ግንድ በጉልበታቸው መሃል ይይዙና ሃምሳ ጊዜ ይወጉታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የደረሰው ወጣት ፖሊስ ነገሩን ለመፍታት ብዙ አልተቸገረም። ሲፈትኑ መቆለፊያው ከዳቸው፣ እጃቸው ሳተ፣ ስለቱ ጭናቸው ላይ ትልቁን የደም ሥር መታ፤ በሕመም ሰንጢውን ወረወሩት። አለቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው «ልጅቷ የሠራችው መቆለፊያ አባቷን ገደላቸው» ብሎ ጨረሰ። እሑድ ቀብር ላይ ፋሲካ አላለቀሰችም። የአባቷ እህት እትዬ የሺ በአስለቃሾቹ መሃል ሆነው «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ሲሉ ሰምታቸዋለች። አልተቀየመችም፤ መቀየምም አቅም ይጠይቃል። በውስጧ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፣ እሱም እንደ ጥርስ ሕመም አይደለም፣ ከጥርስ ሕመም በኋላ እንደሚደነዝዝ ድድ ነው፦ መቆለፊያዬ ነው ወይስ አይደለም?

ማክሰኞ ዕለት ኢንስፔክተር አዲስዓለም መጣች። አርባውን ያለፈች፣ አጭር፣ ጉንፋን የማይለቃት ሴት ናት፤ ከኮቷ ኪስ የገብስ ቆሎ እየዘገነች ትቆረጥማለች። ለቅሶ ቤቱ መጥታ ፋሲካን ስለ ሰንጢ የሚያስረዳኝ ሰው ያስፈልገኛል ብላ ስታስነሳት ሴቶቹ አጉረመረሙ። ኀዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥቶ ከፖሊስ ጋር ሲዞር ታይቶም አይታወቅ። ፋሲካ ግን ተነሣች፤ መቀመጡም መሄዱም አንድ ሆኖባት ነበር።

ወርክሾፑ ውስጥ ኢንስፔክተሯ በመጀመሪያ አባቷ ግንዱን ሲወጉ እጃቸው ከላይ ወደ ታች ይሁን ከታች ወደ ላይ ጠየቀቻት። ከላይ ወደ ታች ነው አለች። ቀጥሎ የተሰበረውን ሰንጢ በላስቲክ እንደታሸገ አወጣች። ፋሲካ እጇን ስትዘረጋ አልሰጠቻትም።

«ሰንጢው ክፍት ሳለ ይህች ጎድጓዳ ትታያለች?»

«አትታይም። ጥርሱ ይሞላታል።»

«ውሃ ቢፈስባትስ ይገባል?»

«ጥርሱ ካለ አይገባም። ልክክ ያለ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈችና ቆሎ ጋበዘቻት። ፋሲካ ተቀብላ በመዳፏ ያዘችው፤ መብላቱን ረሳችው። ከዚያ ኢንስፔክተሯ በርጩማው ፊት ያለውን ትቢያ አሳየቻት። ሁለት ክብ ጉድጓዶች ነበሩ፣ የሰው ጉልበት ያረፈባቸው። ከአባትሽ ፊት ተንበርክከሽ ነበር ወይ አለቻት።

«አልተንበረከክሁም» አለች ፋሲካ። «ቆሜ ነበር። ጎረቤት መጥቶ እስኪጎትተኝ ድረስ ቆሜ ነበር።» ይህን ስትል አፈረች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያ ነገር ያ ነው።

መደርደሪያው ላይ ያለቀላቸው ሰንጢዎች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ዝግ። አንድም አልጎደለም። ኢንስፔክተሯ አንዱን ከፍታ መስፉ ላይ አኖረችና ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ስትመለስ ሰንጢው ተዘግቶ ነበር። ፋሲካ እንደዘጋችው ራሷም አላወቀችም። ለምን ዘጋሽው ስትባል፣ ስለት ተከፍቶ አያድርም፣ የዚህ ቤት ሕግ ነው አለች። አባቷን ያስተማሯቸው ባለ እጅ ያወጡት ሕግ ነው፤ የተከፈተ ስለት ደም ይጠራል ይሉ ነበር። አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አንዲት ካራ ሸፍነሽ ነይ ተብላ ከግማሽ መንገድ የተመለሰችበትም ጊዜ አለ። ሕጉን የሚያውቀው ማነው ተብላ ተጠየቀች፤ እዚህ ቤት የሠራ ሰው ብቻ ነው አለች።

«ሰንጢዎቹስ ሙሉ ናቸው፤ ሌላ የጠፋ ነገር አለ?»

ፋሲካ ዙሪያውን አየች። «ካርቶኗ የለችም። ሰንጢው የሚሸጥባት። ዓርብ ዕለት ማተሚያ ቤቱ ለናሙና የላካት ናት። ባዶ ናት፣ ምን ታደርግለታለች?»

«ምን አለባት?»

«የአባቴ የወጣትነት ፎቶ።» ይህ ግማሽ እውነት ነበር። ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ውጭ ወጣች።

በባጃጅ ወደ እሸቴ ሱቅ ሄዱ። እሸቴ ሰንጢውን ሊሸጥ የተስማማ የሠላሳ ዓመት ነጋዴ ነው፣ አፉ የማያርፍ። ዓርብ ከአቶ አስናቀ ጋር መጨቃጨቁን ሳይጠየቅ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ገዢዎች የድሮውን ነው የሚፈልጉ፣ መቆለፊያውን ተዉት ብሏቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ልጄ የለፋችበትን እንዴት ተወው ትለኛለህ ብለው ተቆጡ። ይህን ሁሉ ሲያወራ አንዷን ናሙና በቀኝ እጁ ይከፍታል፣ ሳያያት በአውራ ጣቱ ይዘጋታል፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፋሲካ ድምፁን ስትቆጥር ቆየች። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የት ነበርክ ሲባል ገበያ አለ፤ ገበያ ውስጥ ማን ማንን ያያል። ሲወጡ ዓርብ የተጨቃጨቃቸውን አቶ አስናቀን እያመሰገነ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ነጋዴው አለቀሰ፣ ልጃቸው አላለቀሰችም።

መሪጌታ ሚልኪያስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ለተማሪዎቻቸው የመቃ ብዕር ይቀርጹ ነበር፤ የሚቀርጹበትም አቶ አስናቀ በስጦታ የሰጧቸው የመጀመሪያዋ አዲስ ሰንጢ ናት። እሳቸውም ተጣልተው ነበር። አቶ አስናቀ ስለቱ ላይ መስቀል ሊቀርጹ አስበው፣ መሪጌታ ሥጋ በሚቆረጥበት ብረት ላይ መስቀል አይደረግም ብለው ተቆጥተው፣ ሳምንት አልተነጋገሩም። «ሳልታረቀው ሞተ» አሉ፤ «ያው እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ እዚያው እንታረቃለን።» ሰንጢዋን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ዘጉና ወደ ቀሚሳቸው ከተቷት። ኢንስፔክተሯ ስለ ቅዳሜ ጠየቀቻቸው፤ ብቻቸውን ድጓ ሲመለከቱ እንደዋሉ ተናገሩ። ወደ ባጃጁ ሲመለሱ ፋሲካ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀች።

«መቆለፊያው ነው?»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ኢንስፔክተሯ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ታገሽ።»

ሦስተኛው ሰው አያ ይሻው ነበሩ። ከአቶ አስናቀ ጋር እኩያሞች ናቸው፤ ጉና ሥር ገብስና ድንች ያመርታሉ። ልጃቸውን ገነትን ለገሳዩ ለቄስ ገብረየሱስ ልጅ ድረዋል፤ የልጅ ልጃቸውም ዘንድሮ ዲቁና ሊቀበል ነው። ከቀብሩ ጀምሮ ከአማቻቸው ከቄሱ ጋር የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ እህል አልቀመሱም፣ ሰውም የወዳጅ ኀዘን እንዲህ ነው ብሎ አመስግኗቸዋል። ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቅዳሜ ገብስ ይዘው ወደ ገበያ ወርደው እንደነበር፣ ወደ ወርክሾፑ ግን እንዳልዘለቁ ነገሯት።

«አዲሱን ሰንጢ እንዴት አዩት?»

«በዓይኔም አላየሁት። አርሶ አደር ነኝ፣ ሰንጢ ምን ያደርግልኛል?»

«ከሟቹ ጋር ታዲያ በምን ተዋወቁ?»

አያ ይሻው ወደ አማቻቸው ሳይሆን ወደ መሬት አዩ። «ድሮ ከሰል አቀርብለት ነበር።»

ፋሲካ ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ጣት በላን የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አባቷ ሲቀጠቅጡ ወናፉን የሚነፉት፣ የጋለውን ስለት ውሃ የሚያጠጡት አያ ይሻው ነበሩ። ግን ባለ እጅን «ቀጥቃጭ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ አይጣል ነው» የሚል አገር ውስጥ ነው የኖሩት። አያ ይሻው ርስት ይዘው፣ ከቄስ ተጋብተው ያንን ከላያቸው አራግፈዋል፤ አባቷም ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ጉድ አታውጪ ብለው አስጠንቅቀዋታል። አማቻቸው ፊት ምን ትበል? ኢንስፔክተሯ የሽማግሌውን ሌባ ጣት ጠባሳ አየች፣ የፋሲካን ዝምታም አየች፣ ቆሎዋን ቆረጠመች።

በሰባተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኢንስፔክተሯ ሰዎቹን ወደ ወርክሾፑ ጠራቻቸው። ፋሲካ፣ እትዬ የሺ፣ እሸቴ፣ መሪጌታ ሚልኪያስ፣ አያ ይሻውና ቄስ ገብረየሱስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ፤ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። ኢንስፔክተሯ ከአዲሶቹ ሰንጢዎች አንዱን ከፍታ በመካከላቸው መስፉ ላይ አስቀመጠች፤ ስለ እሱም ምንም አልተናገረችም።

«ከደሙ እንጀምር» አለች። የተሰበረው ሰንጢ ስለቱም፣ እጀታውም፣ የእጀታው ውስጥም በደም ተነክሯል፤ ጥርሱ የሚገባባት ጎድጓዳ ግን ንጹሕ ናት፣ ታብረቀርቃለች። መቆለፊያው መጀመሪያ ተሰብሮ ደሙ በኋላ ቢፈስ ኖሮ ጎድጓዳዋ ትሞላ ነበር። «እንግዲህ ደሙ ሲፈስ ጥርሱ ቦታው ላይ ነበረ። መቆለፊያው አልከዳም። የተሰበረውም አቶ አስናቀ ከተወጉ በኋላ ነው።»

እትዬ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሁሉም ወደ ፋሲካ ዞረ። ፋሲካ እፎይታው እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። እጇን አየች፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

ኢንስፔክተሯ ቀጠለች። አቶ አስናቀ የሚወጉት ከላይ ወደ ታች ነው፤ ሐኪሙ ያገኘው ቁስል ግን ከታች ወደ ላይ የወጣ ነው። የወጋው ሰው ከተቀመጠ ሰው በታች ነበር ማለት ነው። በርጩማው ፊት ደግሞ የጉልበት አሻራ አለ። ሰው ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሽማግሌ ፊት የሚንበረከከው ለልመና ነው። ምን ለመነ? ከቤቱ የጠፋው አንድ ነገር ነው፤ አዳዲሶቹን ሰንጢዎች ትቶ ባዶ ካርቶን የወሰደ ሰው ሌባ አይደለም፣ የሚያስጨንቀው ካርቶኑ ላይ ያለው ነገር ነው። ማተሚያ ቤት ሄዳ ቅጂውን አይታለች። ምን እንዳየች ግን አልተናገረችም።

«ሲያስቸግረኝ የከረመው የመቆለፊያው ነገር ነው። አደጋ ለማስመሰል ነው የሰበረው እንዳልል፣ ማስመሰል የፈለገ ሰው ሰንጢውን ሟቹ እጅ ላይ ያደርገዋል፤ ይህ ግን መስፉ ሥር ነው የተገኘ። የስለቱ ጀርባ ላይ አዲስ ጭረት አለ፣ የመስፉም ጠርዝ ላይ እንዲሁ። ገዳዩ ስለቱን በጀርባው መስፉ ላይ አስደግፎ በጉልበት ተጭኖታል። ሊሰብረው አይደለም። ሊዘጋው ነው።» ዙሪያውን አየች። «ሰው ገድሎ፣ ገበያተኛ በበሩ እያለፈ፣ ሰንጢ ለመዝጋት የሚታገል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ከኪሷ ቆሎ አወጣችና አንድ በአንድ ትቆረጥም ጀመር። ሰንጢው መስፉ ላይ እንደተከፈተ ነው። እሸቴ ስልኩን አየ፣ መሪጌታ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ ጊዜው ረዘመ። ፋሲካ ራሷ ተነሥታ ልትዘጋው ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ፤ ግን ቀደሟት። የአያ ይሻው እጅ ነበር። ሽማግሌው ወደ ሌላ ቦታ እያዩ ነው እጃቸው የሄደው። ሰንጢውን አነሡ፣ የስለቱን ጀርባ በመዳፋቸው ተጫኑ፣ ልክ ጣት በላ እንደሚዘጋው። እንቢ አለ። ደግመው ተጫኑ።

«እዚህ ጋ ነው፣ አያ» አሉ መሪጌታ፤ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ነክተው ዘጉላቸው። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ገባቸውና እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው ሳብ አደረጉ።

ኢንስፔክተሯ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እሸቴ መዝጊያውን ያውቃል። መሪጌታ ያውቃሉ። ፋሲካ ሠርታዋለች። ከእነሱ አንዱ ቢሆን ጫን አድርጎ ዘግቶት ይሄድ ነበር፤ እኔም እስካሁን ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እትዬ የሺ የዚህን ቤት ሕግ አያውቁም፤ ለእሳቸው ሰንጢ ቢከፈትም ቢዘጋም ሰንጢ ነው። ስለት ተከፍቶ እንዳያድር የሚጨነቅ፣ አዲሱን መዝጊያ ግን ያላሳዩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለት ወጣቶች ወናፍ ይዘው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ‹አስናቀና ይሻው፣ የጣት በላ ሠሪዎች› ይላል።»

አያ ይሻው አልካዱም። እንደ ደከመው ሰው ነው የተናገሩት። ዓርብ ዕለት አስናቀ ደውሎ ስምህን አሳተምኩልህ አላቸው፤ ደስ ብሎት። ቅዳሜ ገብሳቸውን ሳያወርዱ መጡ። ካርቶኑ በየሱቁ ሊደረደር ነው፣ ገሳይም ሊደርስ ነው፤ ልጃቸው ከትዳሯ ትወጣለች፣ የልጅ ልጃቸውም ዲቁናው ይቀርበታል። ተንበርክከው ለመኑት። አስናቀ ሳቀ፤ ሠላሳ ዓመት ስምህን ደበቅሁልህ፣ አሁን ላክብርህ አላቸው። ሰንጢው ግንዱ ላይ ነበር። እንዴት እንዳነሡት አያስታውሱም።

«ካርቶኑን እሳቱ ውስጥ ጣልኩት» አሉ። «ሰንጢውን ግን ተከፍቶ ትቼው እንዴት ልሂድ? ወንድሜ ፊት። ልዘጋው ብዬ ነው። ልጅቱን ይከሷታል ብዬ አላሰብኩም፤ ሲከሷት ደግሞ አፌ ተያዘ።»

ቄስ ገብረየሱስ እስከዚያ ድረስ መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር።

«አያ ይሻው፣ እኛኮ እናውቅ ነበር» አሉ። «ልጅዎን ስንጠይቅ ሰባት ቤት ቆጥረናል። አንቱም አባትዎም ባለ እጅ መሆናችሁን አውቀን ነው የወሰድናት።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ይከፋዎታል ብለን።»

ፖሊሶቹ አያ ይሻውን ሲያነሷቸው ቄሱ በብብታቸው ደግፈው አወጧቸው።

ሰዉ ሲበተን ፋሲካ ኢንስፔክተሯን በሩ ላይ ጠበቀቻት። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፣ እንባው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ መንገድ ላይ ቀርቷል። በሱ ፈንታ ሰባት ቀን ሙሉ ያልሠራ አእምሮዋ አሁን መሥራት ጀምሮ ነበር፤ የመሐንዲስ አእምሮ ነው፣ አንዱን ነገር አውጥቶ ሌላ ተክቶ ይሞክራል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «በአያ ይሻው እጅ የገባው አሮጌው ጣት በላ ቢሆን ኖሮስ?»

ይህን ጥያቄ ኢንስፔክተሯም ራሷን እንደጠየቀች ፊቷ ይናገራል።

«ጫፉ የአባትሽን ሱሪ እንደነካ ይታጠፍ ነበር» አለች። «የያዘውን ሰው ጣት ይቆርጣል። ያን ያህል አይገባም።»

«መቆለፊያ ስለሌለው።»

«አዎ፣ ስለሌለው።»

«አመሰግናለሁ» አለች ፋሲካ። ከልቧ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሻት ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ሴቶቹ ከፍራሻቸው ተነሡ። ቀድመዋት የደረሱት እትዬ የሺ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ይቅር በይኝ ልጄ እያሉ አለቀሱ፤ «እንኳን የአንቺ መቆለፊያ አልሆነ» አሏት። ከኋላቸው ጎረቤቶቹ ተራ ገቡ፣ እሸቴም ከእነሱ መሃል ነበር። እያንዳንዱ እጇን እየያዘ ያንኑ አላት፦ እንኳን የአንቺ መቆለፊያ አልሆነ።

ፋሲካ ለሁሉም «ተመስገን» አለች፤ ከዚያ ወደ ፍራሿ ሄዳ ተቀመጠች።